የማንን ደጅ ልጥና? በኪነጥበብ አመራርና በባህል ድጋፍ ሥራ መንገድ ለምትመርጡ

ባለፈው ጥምቀት ማግስት የእህቴ ልጅ ቤቴ መጣች። ቴአትር ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት። ቡናው ሳይፈላ ነገሯን ዘረገፈችው።

«ጋሼ፣ አራት ነገር አለኝ። አንዱንም መምረጥ አቃተኝ።»

አንዱ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የወጣ ክፍት ቦታ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ፣ ቴአትር ቤት፣ የዝግጅት ክፍል ረዳትነት። ሦስተኛው ለባህል ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት አስተባባሪነት። አራተኛው ከጓደኞቿ ጋር ደብረ ብርሃን ላይ የጀመረችው የባህል ቡድን ነው። እሱ ደመወዝ የለውም። ዕዳ ግን አለው።

«መወዛወዙን ጠግቤዋለሁ። አሁን መምራት ነው የምፈልገው» አለች። በ24 ዓመቷ ጠገበች! ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወረቀት አመጣሁ። ይሄ ጽሑፍ ከዚያ ወረቀት የወጣ ነው።

እኔ በዚህ ሥራ በሁለቱም ወገን ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ኪነት ውስጥ ከበሮ መትቻለሁ። በኋላ ቡድን መርቻለሁ። ከዚያ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ፣ የሌሎችን ማመልከቻ «ይደገፍ፣ አይደገፍ» እያልኩ ፈርሜያለሁ። የትኛው ይከብዳል ብትሉኝ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ነው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ደጁን እዩ

አያቶቻችን ደጅ ጥናት የሚሉት ነገር ነበራቸው። ጉልት፣ ማለትም ግብሩን የሚበላው መሬት፣ ወይም ሹመት የፈለገ ሰው ስንቁን ቋጥሮ አንኮበር ይወጣል። ከጌታው ደጅ ይቆማል። ጠዋት እጅ ይነሳል፣ ማታም እጅ ይነሳል። ወር ይሞላዋል፤ ዓመትም ሊሞላው ይችላል። ዛሬ ጉልቱ ቀርቷል። ደጁ ግን አለ።

ኪነጥበብን መምራት ግማሽ ሥራው ደጅ መጥናት ነው። ይሄን ለማሳፈር አልተናገርኩትም። ሥራው እንዲያ ስለሆነ ነው። አራቱን መንገዶች የሚለያያቸውም የደጁ ባለቤት ማንነት ነው። ስለዚህ ልጅቱን «ደመወዙ ስንት ነው?» አላልኳትም። «ሰኞ ጠዋት የማን በር ላይ ነው የምትቆሚው? ያ ሰውዬ እምቢ ቢልሽ ምን ይቀርሻል?» አልኳት።

«ትኬት ሸጠን አንኖርም?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ቦሞልና ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ምሁራን ይሄንኑ መርምረው ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ለአራት መሣሪያ የተደረሰ ሙዚቃ ለመጫወት ከ200 ዓመት በፊት አራት ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬም አራት ሰው ያስፈልጋል። የሚፈጀውም ጊዜ ያው ነው። ፋብሪካ ግን አዲስ ማሽን ባስገባ ቁጥር በአንድ ሠራተኛ የበለጠ ያመርታል፤ ደመወዝም ይጨምራል።

ወደኛ አምጡት። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ማሽን ቢቀይር በቀን የሚያወጣው ብርድ ልብስ ይበዛል። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዘው የሚቆሙት አራት ልጆች ግን አሁንም አራት ናቸው። የጤፍ ዋጋ ሲጨምር የእነሱም አበል መጨመር አለበት። የሚያቀርቡት ዘፈን ግን በእጥፍ ሊፈጥን አይችልም። ስለዚህ ወጪው ትኬቱን ሁልጊዜ ይቀድማል። ክፍተቱን አንድ ሰው መሙላት አለበት፤ ንጉሥ፣ መንግሥት፣ ሙሽራ፣ ነጋዴ ወይም ለጋሽ።

መንግሥት ቤት

ይሄኛው ደጅ የታወቀ ነው። ደመወዝ በወሩ ይወጣል። ጡረታ አለ። እናት «ልጄ ሥራ ያዘች» ብላ ለጎረቤት ትናገራለች። ይሄን ቀላል አታድርጉት። ቤተሰብ የምትረዱ ከሆነ ግማሹ ውሳኔ እዚህ ላይ ያልቃል።

ሥራውስ? ወረቀቱ ላይ ቅርስ መመዝገብ፣ ቡድን ማደራጀት፣ ፌስቲቫል ማዘጋጀት ይላል። በተግባር እንግዳ መቀበል ይበዛል። ስብሰባ ሲኖር ቡድኑ ይጠራል፣ እስክስታ ይመታል፣ ንግግር ይጀመራል። ቡድኑ እንደ ዕድር ድንኳን ነው፤ ሲፈለግ ይተከላል፣ ሲያልቅ ይነቀላል። አንድ ጊዜ ልጆች ይዤ የአንድ መሥሪያ ቤት ዝግጅት አደመቅን። አበሉ የተከፈለን በስምንተኛው ወር ነው። እስኪከፈለን ድረስ ከተወዛዋዦቻችን አንዷ አግብታ አርግዛለች።

የበጀቱን ወር ማወቅ ግን ትልቅ ዕውቀት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ብትሄዱ «ገና አልተለቀቀም» ትባላላችሁ። ሰኔ ላይ ደግሞ «ቶሎ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጡ» ነው። አልባሳቱም ሳውንዱም የሚገዛው በዚያ ጥድፊያ ነው። መንግሥት ቤት ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የሚገዛውን ዝርዝር በየካቲት ጨርሶ ይጠብቃል። ያልሠራ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በነሐሴ ደብዳቤ ሲጽፍ ይኖራል።

የመድረካችን ታሪክ በቢሮ ሰዎች የተሞላ ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትርን በ1927 ዓ.ም. ያቋቋሙት መኮንን ሀብተወልድ የመንግሥት ሹም ነበሩ፤ በኋላም ሚኒስትር ሆነዋል። ከመንዝ የወጡት ከበደ ሚካኤልም ተውኔትና ግጥም ይጽፉ የነበረው የመንግሥት ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ያኔ ከብዕር እንጀራ የሚበላ ሰው አልነበረም። ብዕሩን ያኖረው ቢሮው ነው።

በሌላ በኩል ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሉ። የሰያደብር ልጅ፣ የኛው ሰው። ሩሲያ ተምረው መጡና በ1913 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን ተውኔት ጻፉ። በእንስሳት ተረት አስመስለው አስተዳደሩን ነካ ነካ አደረጉት። መኳንንቱ አዩ፤ ገባቸው፤ ተከለከለ። ደጁም፣ ታዳሚውም፣ ከልካዩም አንድ ቤት ሲሆን እንዲህ ነው። ሰውዬው ግን ከመንግሥት ሥራ አልወጡም። በ1923 የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ቀልዱን የከለከላቸው ቤት ሕግ አስጻፋቸው!

ለማን ይሆናል? ትዕግሥት ላለው፣ ወረቀት ለማይሰለቸው፣ ከቆላ እስከ ደጋ ሕዝቡን ማወቅ ለሚፈልግ። የወረዳ ባህል ባለሙያ የሚሄድበትን መንደር ያህል ማንም አይሄድም። ምንጃር ሠርግ ላይ የሚዘፈነውን፣ መንዝ ለቅሶ ላይ የሚባለውን፣ መርሐቤቴ ያለውን ውዝዋዜ በእግሩ ያውቃል። ሦስት ዓመት ሠርቶ መውጣት መልካም ነው። አሥር ዓመት ከቆያችሁ ግን «ከላይ ምን ተባለ?» ማለት ይለምድባችኋል። ያ ልማድ ደግሞ ለመልቀቅ ያስቸግራል።

አዲስ አበባ፣ ቴአትር ቤት

ስለዚህኛው ብዙ አልልም። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኪራይ ሲለካ ግን ሌላ አገር ነው።

ጥቅሙ አንድ ነው፤ ሙያው እዚያ አለ። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 የንጉሠ ነገሥቱን 25ኛ የዘውድ በዓል ምክንያት አድርጎ ተከፈተ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹ መርተውታል። ሀገር ፍቅር ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። መብራት የሚያስር፣ መድረክ የሚያቆም፣ የልምምድ ሰዓት የሚይዝ፣ የተዋናይ ኩርፊያ የሚያበርድ ባለሙያ የምታገኙት እንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥ ነው። ዝግጅት መምራት ከመጽሐፍ አይገኝም። መጋረጃ ሊከፈት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዋናው ተዋናይ ያልመጣበትን ማታ ማየት ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ተራው ነው። ከፊታችሁ ብዙ ሰው አለ። «መምራት» የሚለውን ቃል እስክትደርሱበት ጸጉራችሁ ይሸብታል። ከአገር ቤት የያዛችሁት ዜማም እዚያ ሲደርስ «የብሔር ብሔረሰቦች ክፍል» ውስጥ የሦስት ደቂቃ ቁራጭ ይሆናል። ሁለት ዓመት ተምራችሁ መመለስ የምትችሉ ከሆነ ሂዱ። መመለሻ ቀኑን አስቀድማችሁ ለእናታችሁ ንገሩ፤ እሷ አትረሳም።

የራስ ቡድን

እዚህ ላይ ነው ወረቀቱ የሞላው።

የራስ ቡድን ደጁ ብዙ ነው። ዛሬ ሙሽራ፣ ነገ ሆቴል፣ ከነገ ወዲያ ፋብሪካ። አንዱ እምቢ ቢል ሌላው አለ። ይሄ ነፃነት ነው። ግን ሁሉም ደጅ በአንድ ወር ይከፈትና በአንድ ወር ይዘጋል። ያንን የማያውቅ ቡድን ሁለተኛ ዓመቱን አያይም።

የእኛ ቡድን የቀን መቁጠሪያው የቤተ ክርስቲያን ነው። ጥር ሠርግ ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ቅዳሜና እሁድ አትተኙም። ከዚያ 55 ቀን ጾም። ሠርግ የለም፣ ጭፈራ የለም፣ ገቢ የለም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ያንሰራራል። ከዚያ ክረምት ነው። ጭቃው፣ ብርዱ፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ። መስከረም ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል ይመጣሉ። ጥቅምት ትንሽ ያሠራል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የገና ጾም። ደምሩት። ዓመቱን የሚያኖረው ገንዘብ የሚገባው በአራት ወይ በአምስት ወር ውስጥ ነው።

ስለዚህ በጥር የገባውን ብር በጥር የሚያካፍል መሪ መሪ አይደለም። ሙሽራ ነው። እኛ መጀመሪያ ቡድን ስንመራ ያደረግነው እሱን ነው። የካቲት ላይ ሁላችንም አዲስ ጫማ ነበረን፤ መጋቢት ላይ የልምምድ ቤቱን ኪራይ አጣን። በኋላ ከልጆቹ አንዷ፣ እናቷ የዕቁብ ሰብሳቢ ስለነበረች፣ «ለምን ዕቁብ አንጥልም?» አለች። ከእያንዳንዱ ሠርግ አንድ ድርሻ ለቡድኑ እንደ አንድ ሰው ይቆረጥ ጀመር። በ12 ሰው ቡድን ውስጥ 13ኛው ሰው ቡድኑ ራሱ ሆነ። በዚያ ነው የቆየነው። ስለ ኪነጥበብ አስተዳደር ካነበብኩት ሁሉ ያን ያህል የጠቀመኝ የለም።

የጉዞ ሒሳብም አለ። 12 ሰው ይዛችሁ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ለሁለት ቀን ወጣችሁ እንበል። የ24 ሰው ቀን አበል ነው። መኪና አለ። ሳውንድ አለ፣ ጄኔሬተርና ነዳጁ አለ። ምግብ ጠሪው ያበላል፤ ካላበላስ? የመንገዱ ነገር ደግሞ አለ። በነዚህ ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ አይተናል። ሸዋ ሮቢት የተቀጠረ ቡድን ደብረ ሲና አድሮ ተመልሷል። ውል ስትጽፉ «መንገድ ቢዘጋ» የሚል አንቀጽ ይኑረው። ቀብድም ተቀበሉ። ዘመድም ቢሆን። ዘመድ ከሆነማ በተለይ።

ስፖንሰር? ደብረ ብርሃን ሁለት ትልልቅ ቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ድሮ ቢሆን «በቃ፣ ተገላገላችሁ» እላችሁ ነበር። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከገደበ ወዲህ ግን የቢራ ብር እንደ ድሮው መድረክ ላይ አይፈስም። አሁን ባንክ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ሪል እስቴት፣ ሆቴል ናቸው። እነሱ ደግሞ ስለ ዜማው አይጠይቁም፤ «ስንት ሰው ያየዋል?» ነው። የቲክቶክ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

መላኩ በላይን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሽልማት ይወዛወዝ የነበረ ልጅ የካዛንቺሱን ፈንድቃ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት አሳደገው። ማታ አዝማሪ፣ ሌላ ቀን ግጥም፣ ሥዕል። ከውጭ አገር የመጣ ሙዚቀኛም እዚያው ይቀመጣል። ተወዛዋዥ መሪ መሆን እንደሚችል ማሳያ ነው። ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ስትነሳ ግን ፈንድቃም የቆየበትን ቤት ለቀቀ። ቡድን ስታቋቁሙ የቤቱን ነገር አታቅልሉት። ማሲንቆ በሻንጣ ይሄዳል፤ ታዳሚ ግን ቤት ይለምዳል።

ሌላ ሁለት ነገር ልጨምርና ልለፍ። ንግድ ፈቃድ አውጥታችሁ ከሠራችሁ ትርፉ የናንተ ነው፤ ግብሩም እንዲሁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት ከተመዘገባችሁ ገቢ ማግኘት ትችላላችሁ እንጂ ትርፍ መከፋፈል የለም። ይሄን ሳያውቁ ማኅበር የመሠረቱ ጓደኛሞች በዓመቱ ሲካሰሱ አይቻለሁ። ሁለተኛው፣ በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ለከዋኞችም መብት ሰጥቷል። የሚቀርጻችሁ ሰው ቀረጻውን ምን እንደሚያደርገው በጽሑፍ ይፈርም።

ገንዘብ ሰጪው ወገን

አሁን ከጠረጴዛው ማዶ እንሻገር። ይከብዳል ያልኩት እዚህ ነው።

ከሩቅ ሲታይ የተደላደለ ነው። ጥሩ ደመወዝ፣ ላፕቶፕ፣ የመስክ መኪና። ሰው ሁሉ ደጃችሁን ይጠናል። እናንተ ግን ሌላ ደጅ ላይ ናችሁ። ለጋሹ አለ፣ ቦርዱ አለ፣ ኦዲተሩ አለ። የምትሰጡት ብር የናንተ አይደለም፤ እምቢታው ግን የናንተ ይሆናል። ከበሮ ያስተማረኝ ሰውዬ ማመልከቻ ይዞ መጣ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ደረሰኝ ግን የለውም፣ ሒሳብ የለውም። አልፈረምኩም። ዕድር ላይ ስንገናኝ ለሁለት ዓመት ሰላምታውን በቀኝ እጁ አልሰጠኝም። ማር የሚያመጣም አለ። ማሩን መልሳችሁ ሰውዬውን ሳታስቀይሙ መሸኘት የሚባል ሙያ አለ፤ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም።

ሕጉን እወቁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን ጠበቅ ያለ ሕግ ተክቷል። ለአስተዳደር የሚወጣው ወጪ ከጠቅላላው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። 1 ሚሊዮን ብር ያገኘ ድርጅት 200 ሺህ ብር ለቢሮ ኪራይ፣ ለአስተዳደር ሠራተኛና ለመሳሰለው ያውላል፤ የቀረው ሥራው ላይ ይዋል ነው። የፌዴራሉ አዋጅ የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው። እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መዝጋቢው ክልሉ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው አዲስ አበባ ተመላልሶ ጫማውን ጨርሷል መሰላችሁ!

የውጭ ደጆችም አሉ። ዩኔስኮ ለባህል ብዝኃነት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ ፈንድ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ወይ በፈረንሳይኛ ነው። አዲስ አበባ ያሉት የጀርመንና የፈረንሳይ የባህል ተቋማትም ከኪነጥበብ ሰው ጋር ይሠራሉ። የአስተባባሪ ዋና ሥራ እዚህ ላይ ትርጉም ነው። ቋንቋ መተርጎሙ ቀላሉ ነው። የመንዝ ሽማግሌ «ይሄ ዘፈን ሳይጠፋ ልጆቹ ይያዙት» ያሉትን ወስዶ በግብ፣ በውጤትና በመለኪያ ሰንጠረዥ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ሰንጠረዡን ይዞ ተመልሶ ለሽማግሌው ማስረዳት። አንዱን ብቻ የሚችል ሰው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚህ ሥራ ደመወዝ ከፕሮጀክቱ ጋር ይወለዳል፣ ከፕሮጀክቱ ጋር ይሞታል። ውሉ የሁለት ዓመት ከሆነ የእናንተም ሥራ የሁለት ዓመት ነው። ለእናታችሁ «ሥራ ያዝኩ» ስትሉ እስከ መቼ እንደሆነም ንገሯት።

ታዲያ ገንዘቡ እንዲቆይ ማድረግ አይቻልም ወይ? እዚህ ላይ ፈረንጆቹ ኢንዶውመንት የሚሉት አለ። ዋናው ብር አይነካም፤ የሚወልደው ብቻ ይበላል። አሜሪካ ውስጥ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህል እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአያቶቻችን መዘምራን በምን ይኖሩ ነበር? በመሬት። ነገሥታቱ ለደብሩ መሬት ይሰጣሉ፤ ደብተራው ያርሳል ወይ ያሳርሳል፣ ማሕሌት ይቆማል። ማሕሌቱ ከቀረ መሬቱ ይነቀላል። ያ ለዜማ የተሰጠ ኢንዶውመንት ነው፤ ለዘመናት ቆይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን አበቃ። (የጭሰኛውን ወገን ብንጠይቅ ሌላ ታሪክ ይነግረናል። እሱም እውነት ነው።)

መንዝ ጓሳን አስቡት። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ያ የሣር ምድር በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ የመንዙን ቄሮ ነው የምላችሁ። ባለ አፅመ ርስቱ፣ መሬቱን ከአባቶቹ የወረሰው ማለት ነው፣ ተሰብስቦ ኃላፊ ይመርጣል፤ ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ይታጨዳል። ያ ሥርዓትም በ1967 ፈረሰ። በኋላ ግን ሕዝቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው፤ ጓሳው ዛሬም አለ። የዘፈን ፈንድ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ብር ባንክ አስቀምጠን ወለድ እንብላ ካልን 1 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ 70 ሺህ ብር ይወልዳል፤ የኑሮ ውድነቱ ከዚያ በላይ ይበላዋል። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ ለባህል የሚቆይ ሀብት ብር ሳይሆን ቤት ነው። አንድ የልምምድ አዳራሽ፣ ፊት ለፊቱ ሁለት የሚከራይ ሱቅ። ውጭ ያሉ ልጆቻችን ገንዘብ ሲያዋጡ «ለፌስቲቫል» ከምትሏቸው «ለሱቅ» በሏቸው። አይማርክም፤ አውቃለሁ። ፎቶውም አያምርም።

እንግዲህ የቱ?

ወንድም እህት የምታስተምሩ ከሆነ፣ መንግሥት ቤት። አታንገራግሩ። ቅዳሜ የናንተ ነው፤ ቡድኑን በቅዳሜ ያዙት።

የመድረክ ሙያው ከጎደላችሁ፣ ማለትም ሰዓት ማስከበርና መብራት ማዘዝ ካልቻላችሁ፣ አዲስ አበባ ለሁለት ዓመት። አዲስ አበባ የሚያኖራችሁ ዘመድ ከሌለ ግን በዚያ ደመወዝ አትሞክሩት።

እንግሊዝኛ መጻፍ የማይከብዳችሁ፣ እምቢ ማለት የምትችሉ፣ በሰው ጭብጨባ የማትቀኑ ከሆናችሁ ገንዘብ ሰጪው ወገን ይሆናችኋል። የመጨረሻዋን ቀላል አድርጋችሁ አትዩ። መድረክ የለመደ ሰው አዳራሽ ኋላ ተቀምጦ ሌላው ሲጨበጨብለት ማየት ያመዋል። እኔን ሦስት ዓመት አሞኛል። ከመጀመሪያውኑ ወደዚህ ባትገቡም እመርጣለሁ። ቡድን መርቶ የማያውቅ ሰው ማመልከቻ ሲያነብ ደረሰኙን ያያል፤ ከደረሰኙ ጀርባ ብርድ ላይ የቆሙትን ልጆች አያይም።

የራስ ቡድን ደግሞ ሦስት ነገር ላለው ነው፤ የስድስት ወር ቀለብ፣ የማይካሰስ ጓደኛ፣ ሒሳብ የሚወድ አንድ ሰው። ሦስተኛው እናንተ ካልሆናችሁ ፈልጉት። ከድምፃዊ በፊት ፈልጉት።

ልጅቱ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቡናዋን ጠጣች። ምን እንደወሰነች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመንገድ ላይ ደወለች። የመኪና ጥሩምባ ከበስተኋላዋ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ለማሲንቆ የሚሆን የፈረስ ጭራ የት ነው በርካሽ የማገኘው? ገበያ ውስጥ የጠየቁኝ ዋጋ በጀቴን ያፈርሰዋል።»

መንዝ ውጪ አልኳት። ነጭ ፈረስ ያለው ሰው አውቃለሁ።